የምርምር በጀት ትርፍ ሲሰላ የሚሠሩ ስህተቶች

የመጀመሪያው በምርምሩ ርዕስ መሳቅ ነው። «በሕዝብ ገንዘብ የፍል ውሃ ባክቴሪያ ያጠናሉ!» ብሎ ማሾፍ ቀላል ነው። የኢንዲያና ዩኒቨርሲቲው ቶማስ ብሮክ በአሜሪካ መንግሥት የሳይንስ ፈንድ እየተደገፈ ያደረገው ግን ልክ ይህንኑ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1966 ከየሎውስቶን ፓርክ ፍል ውሃ ሙቀት የማይበግረው ባክቴሪያ አገኘ። ፒሲአር፣ ማለትም ጥቂት ዲኤንኤን በኢንዛይም ደጋግሞ የማባዛት ዘዴ፣ በ1980ዎቹ ሲፈጠር ናሙናው በየዙሩ በኃይል ስለሚሞቅ ኢንዛይሙ ይበላሽ፣ በየዙሩም አዲስ ይጨመር ነበር። ችግሩን የፈታው የዚያ ባክቴሪያ ኢንዛይም ነው። በኮሮና ጊዜ አውሮፕላን ለመሳፈር አፍንጫችንን የሰጠነው ለዚሁ ምርመራ ነው።

«የሚያዋጣ ቢሆን ኩባንያዎች ራሳቸው ይሠሩት ነበር» ማለትም ስህተት ነው። ፒሲአር የተፈጠረበት ሴተስ የተባለው ኩባንያ ባክቴሪያውን ያገኘው ብሮክ በሕዋሳት ክምችት ውስጥ ለተመራማሪዎች ካስቀመጠው ናሙና ነው። የፒሲአር መብቱ በ1991 በ300 ሚሊዮን ዶላር ሲሸጥ ብሮክ አምስት ሳንቲም አላገኘም። ገበያው ሳይታወቅ ሃያ ዓመት የሚታገሥ ባለአክሲዮን ከየት ይመጣል?

ከሐምሌ እስከ ሰኔ ውጤት መጠየቅም ያው ነው። ካታሊን ካሪኮና ድሩ ዋይስማን ስለ ኤምአርኤንኤ (ሕዋስ ፕሮቲን እንዲሠራ መመሪያ የሚያደርሰው ሞለኪውል) ቁልፉን ጥናት ያሳተሙት በ2005 ነው፤ በዚያ ላይ የተመሠረተው የኮሮና ክትባት የመጣው በ2020።

የፓተንት ገቢን ብቻ የሚቆጥሩም አሉ። ጉግል የተጠነሰሰው መንግሥት በደገፈው የስታንፎርድ ፕሮጀክት ውስጥ ሲሆን፣ ዩኒቨርሲቲው በ2005 አክሲዮኑን ሸጦ 336 ሚሊዮን ዶላር አግኝቷል። እንዲህ ያለው ዕጣ ለጥቂቶች ብቻ ይወጣል። ዋናው ትርፍ የሠለጠነው ሰው፣ የሚከፈለው ደሞዝና ግብር ነው፤ እሱ ደግሞ በዩኒቨርሲቲው መዝገብ አይታይም።

ደጋፊዎችም «በጀቱ ከተለቀቀ ትርፉ አይቀርም» ሲሉ ይሳሳታሉ። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ፤ ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች ናቸው። ግኝቱ በ1989 «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ሽልማት አስገኘ፤ በስፋት ወደ ሥራ ግን አልገባም። የደኅንነት ፍተሻው፣ ፈቃዱና ማምረቻው ከግኝቱ የበለጠ ገንዘብ ይፈልጋሉ። በጀት የሚጠይቅ ሰው ይህንንም አብሮ ይጠይቅ።