ከሱኮት እስከ ሓኑካ ምን እናስተምራቸው? ከትንንሽ ልጆች ጋር ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

በአይሁድ አቆጣጠር የበዓላት ወር የሆነው ቲሽሪ ፋታ አይሰጥም። ሮሽ ሃሻና (አዲስ ዓመት)፣ ዮም ኪፑር (የማስተሰረያ ቀን)፣ ሱኮት (የዳስ በዓል)፣ ሲምሓት ቶራ (የኦሪት ደስታ)፤ ሁሉም በሦስት ሳምንት ገደማ ተደራርበው ያልፋሉ። ልጆቹ ፖም በማር በልተው፣ ሱካ (ዳስ) አስጊጠው፣ ባንዲራ አውለብልበው ይጨርሳሉ። ከዚያ የመብራት በዓሉ ሓኑካ እስኪደርስ ሁለት ወር ገደማ አለ። እስራኤል ውስጥ ጋን (መዋዕለ ሕፃናት) የሚሄድ ልጅ ያለው ወላጅም፣ የጋኑ አስተማሪም "አሁንስ ምን እናስተምራቸው?" የሚሉት ይሄኔ ነው።

እኔን ከጠየቃችሁኝ ዋናው ሥራ የሚጀምረው እዚህ ነው። በዓሉ ታሪኩን ይነግራቸዋል። ታሪኩ ጠባይ መሆን አለመሆኑ የሚታየው ግን ተራ ማክሰኞ ጠዋት፣ ሁለት የአራት ዓመት ልጆች አንድ መኪና ሲጓተቱ ነው። ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ካሉ ልጆች ጋር ደጋግመን የምንሠራቸው ስህተቶች እነዚህ ናቸው።

ቀጣዩን በዓል ቁጭ ብሎ መጠበቅ

በየሳምንቱ የሚመጣ በዓል እያለን ሌላ እንጠብቃለን። ሰንበትን ማለቴ ነው። ጋን ውስጥ አርብ አርብ ካባላት ሻባት፣ ማለትም የሰንበት መቀበያ አለ። "የሻባት እናት" እና "የሻባት አባት" ይመረጣሉ፣ ሻማው ይቀመጣል፣ የሰንበት ዳቦው ሓላ ይቆረሳል፣ የወይን ጭማቂ ይጠጣል። ጥሩ ነው። ችግሩ ብዙ ጊዜ ነገሩ ሁሉ በሃያ ደቂቃ ትርኢት ያልቃል። ልጁ የሚያስታውሰው ዛሬ ዘውዱን ማን እንዳደረገ ብቻ ነው።

ዝግጅቱን ወደ ሐሙስ ሳቡት። ሊጡን እነሱ ያቡኩት። መጫወቻውን እነሱ ያጥቡት። አንድ ዳቦ ጨምረው ይጋግሩና ለጎረቤት ወይም ለጋኑ ጠባቂ ይውሰዱ። አያቶቻችን ኢትዮጵያ ውስጥ ሓኑካን አያከብሩም ነበር፤ ከኦሪት በኋላ የመጣ በዓል ነው። ልጆቻቸውን ግን አንጸው አሳድገዋል። አርብ ዳቦው ይጋገራል፣ ልብሱ ይታጠባል፣ ገላው ይታጠባል፣ እሳቱ ይጠፋል። ልጅ በዚህ ሁሉ ውስጥ የየራሱ ሥራ ነበረው፤ ቢያንስ ውሃ ያቀብላል።

ትልቁን ቃል ማስቀደም

"ዛሬ የምንማረው ስለ ሔሴድ (ቸርነት) ነው።" የሦስት ዓመት ልጅ ይህን ሰምቶ ምን ይያዝ? ቸርነት፣ ትሕትና፣ አክብሮት አይጨበጡለትም። መጀመሪያ ድርጊቱ ይምጣ፣ ስሙ ይከተል። ልጅቷ ለወደቀው ጓደኛዋ ውሃ ስታመጣ "አየሽ፣ ይህ ሔሴድ ይባላል" በሏት። ያኔ ስሙ የራሷ ይሆናል።

በየሳምንቱ አዲስ እሴት

እሑድ ሲገቡ ግድግዳው ላይ አዲስ ቃል ይለጠፋል፤ በሚቀጥለው እሑድ ይነሳል። ለአዋቂዎቹ የተሠራበት ስለሚመስል ደስ ይላል። ልጅ ግን በድግግሞሽ ነው የሚማረው። ከቲሽሪ ቀጥሎ ያለውን ሙሉውን የሔሽቫን ወር አንድ ነገር ብቻ ያዙ፤ ብዙ አጣችሁ አትባሉም።

ለምሳሌ ለእንስሳት መራራት። የረቢዎች የሕግና የትርጓሜ መጽሐፍ የሆነው ታልሙድ በብራኾት ትራክቴት (ክፍል) ሰው ከብቱን ሳያበላ ራሱ እንዳይበላ ያዛል፤ ማስረጃውም ከዘዳግም 11 ነው። መጀመሪያ "ለእንስሶችህ" ይላል፣ ቀጥሎ "ትበላለህ"። እስራኤል ውስጥ ደግሞ ድመት የሌለበት ሰፈር የለም። ልጆቹ የረፋዱን ቁርስ ከመብላታቸው በፊት ለግቢው ድመቶች ውሃ ይሙሉ። በየቀኑ። በሁለተኛው ሳምንት አስተማሪዋ ብትረሳ ልጆቹ ራሳቸው ያስታውሷታል።

የጠፋ ዕቃ መመለስም እንዲሁ ነው። ጋን ውስጥ ጓንት፣ ኮፍያና የምሳ ዕቃ ሲጠፋ ነው የሚውለው። ዘዳግም 22 የወንድምህን የጠፋ ዕቃ አይተህ ዝም አትበል ይላል። አንድ ሳጥን አዘጋጁ። በየቀኑ ሁለት ልጆች ባለቤቱን ፈልገው ይመልሱ።

"በል ይቅርታ በል!"

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ሁላችንም ጋ ያለ ልማድ ስለሆነ። ልጁ ጓደኛውን መታ። እጁን ይዘን እንጎትተዋለን፣ "ይቅርታ በል!" እንለዋለን። እሱም ወደ ጣሪያው እያየ "ይቅርታ" ይላል። ጨረስን። ልጁ የተማረው አንድ ነገር ነው፤ ቃሉን ከተናገርክ ትለቀቃለህ።

የአይሁድ ሥርዓት ከዚህ ይከብዳል። የታልሙድ መሠረት የሆነው የሕግ ስብስብ ሚሽና በዮማ ትራክቴት መጨረሻ ላይ እንዲህ ይላል። በሰውና በእግዚአብሔር መካከል ያለውን በደል ዮም ኪፑር ያስተሰርያል። በሰውና በባልንጀራው መካከል ያለውን ግን ባልንጀራውን እስኪያስታርቅ ድረስ አያስተሰርይም። ማለትም የተጎዳው ሰው ልብ መመለስ አለበት።

ለአራት ዓመት ልጅ ይህ ማለት ማስተካከል ነው። ያፈረሰውን ግንብ አብሮ ይሥራ። ለመታው ልጅ እርጥብ ጨርቅ ያምጣለት። "አሁን ምን ባደርግልህ ደስ ይልሃል?" ብሎ ይጠይቅ። የተመታው ልጅ "ራቅ በልልኝ" ቢል ይራቅ፤ እሱም መልስ ነው። ቃሉ ከዚያ በኋላ ይመጣል። አንዳንዴ አይመጣም፣ ግድ የለም።

ደግሞ ሁሉም ፊት አትቆጡት። በታልሙድ ባቫ ሜትሲያ ትራክቴት ባልንጀራውን በሰው ፊት ያሳፈረ ደም እንዳፈሰሰ ነው ይባላል። ይህ ለአዋቂ ብቻ የተነገረ አይደለም። "ባለጌ" የምትለው ቃል ከአፋችን ቶሎ የምትወጣ ናት። ጎንበስ ብላችሁ በጆሮው ንገሩት። ስለ ድርጊቱ ንገሩት እንጂ ስም አታውጡለት።

ጼዳቃን (ምጽዋትን) የእናት ቦርሳ ጉዳይ ማድረግ

እናት ሳንቲም ትሰጣለች፣ ልጁ ሳጥኑ ውስጥ ይጥላል፣ ቅጭል ይላል። ልጁ የሚወደው ድምፁን ነው። ከየት መጣ? ለማን ሄደ? አያውቅም። አሁን ደግሞ ወላጆች በስልክ ስለሚከፍሉ ብዙ ልጅ ሳንቲም የሚያየው ጋን ውስጥ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

ሳጥኑን በወሩ መጨረሻ ከልጆቹ ጋር ክፈቱት። ይቁጠሩት። ምን እንደሚገዙበትና ለማን እንደሚሰጡ እነሱ ይምረጡ፤ ፓስታ ይሁን፣ ዳይፐር ይሁን። ዕቃውን በእጃቸው ይሸከሙት። ተቀባዩ ማን እንደሆነ በስም እንዳይታወቅ ተጠንቀቁ፤ የጋኑ የአንዱ ልጅ ቤተሰብ ሊሆን ይችላል። ደግሞ መጠኑ አያስጨንቃችሁ። የመካከለኛው ዘመን ሊቅ ራምባም (ማይሞኒደስ) ሺህ ወርቅ በአንድ ጊዜ ለአንድ ሰው ከመስጠት ሺህ ጊዜ አንድ አንድ መስጠት ይሻላል ይላል፤ እጅ መስጠትን የሚለምደው በድግግሞሽ ነውና። አሥር አጎሮት (የሰቅል ሳንቲም) ይበቃል።

የመልካም ሥራ ውድድር

ብዙ ጋኖች ፔቴክ ሚጽቫ (የመልካም ሥራ ወረቀት) የሚባል ወረቀት ይልካሉ። ልጁ ቤት ውስጥ የሠራውን መልካም ነገር ወላጅ ይጽፋል፣ አስተማሪዋ በክበቡ ታነባለች፣ ተለጣፊ ይሰጠዋል። ሐሳቡ ክፉ አይደለም። ሁለት ነገር ግን ያበላሸዋል።

አንደኛው ቆጠራው ነው። "እኔ አምስት አለኝ፣ አንተ ሁለት!" ከተባለ መልካምነቱ ቀርቷል። ሁለተኛው ለእኛ ከኢትዮጵያ ለመጣነው ማኅበረሰብ ይበልጥ ያማል። ልጁን የምታሳድገው አያት ከሆነችና ዕብራይስጥ የማትጽፍ ከሆነች ወረቀቱ ባዶ ይመለሳል። ልጁ ግን ትናንት ለአያቱ ጫማ አቀብሏል፣ እንግዳ ሲመጣ ከወንበሩ ተነስቷል፣ እጅ አስታጥቧል። ወረቀት የሚያጣው እንግዲህ እሱ ነው። መፍትሔው ቀላል ነው። አስተማሪዋ ልጁን ትጠይቀው፣ እሱ ይናገር። ወይም በአማርኛ ጻፉት። ጋኑ የሚያነብለት ሰው ይፈልግ፤ ከጠፋ የስልክ ድምፅ መልእክት አለ። ተለጣፊውን ደግሞ ብትተዉት ይሻላል።

ጅቡና ፖሊሱ

"ዝም በል፣ ጅብ መጣ!" እዚህ ጅቡ ወደ ፖሊስ ተቀየረ እንጂ ነገሩ ያው ነው። "ካልበላሽ ፖሊስ ይወስድሻል።" "ከተኛህ ነገ ባሕር እወስድሃለሁ።" ነገ ይመጣል፣ ባሕሩ አይመጣም። ረቢ ዜራ በታልሙድ ሱካ ትራክቴት ስለዚህ ጉዳይ በግልጽ ተናግሯል። ለልጅ እሰጥሃለሁ ብለህ አትቅርበት፣ ውሸት ታስተምረዋለህ ይላል። ስለ እውነት የወረቀት ሥራ ከማሠራት ይህን አንድ ልማድ ማቆም ይበልጣል።

"እግዚአብሔር ይቀጣሃል" ማለትማ ከሁሉም ይብሳል። ማታ ሼማ እስራኤል የሚለውን ጸሎት ስትሉለት የምትጠሩትን አምላክ ቀን ማስፈራሪያ አታድርጉት።

ታሪኩን በስብከት መዝጋት

"እና ልጆች፣ ከዚህ ምን ተማርን?" ይህን ጥያቄ ተዉት። አምስት ዓመት የሞላው ልጅ እናንተ የምትፈልጉትን መልስ አስቀድሞ ያውቃል። የአብርሃም ድንኳን በአራቱም በኩል ክፍት ነበር ይላል ሚድራሹ (የረቢዎች የመጽሐፍ ትርጓሜ)፤ እንግዳ በየትም አቅጣጫ ቢመጣ እንዲገባ። በአንሶላና በወንበር ድንኳን ሥሩ። ገሚሱ እንግዳ ይሁን፣ ገሚሱ ያስተናግድ። ርብቃ አሥር ግመሎችን ያጠጣችበትን ደግሞ በባልዲ ይሞክሩት። ክንዳቸው ሲዝል ርብቃን ይረዷታል።

አያትን ለሲግድ ብቻ መጥራት

የቤተ እስራኤል በዓል ሲግድ በሔሽቫን 29 ነው፤ ልክ በዚህ ባዶ በሚባለው ጊዜ መሃል። ከ2008 ጀምሮ በሕግ የአገሪቱ በዓል ስለሆነ ብዙ ጋኖች ያስታውሱታል። አያት የሐበሻ ቀሚስ ለብሳ፣ እንጀራ ይዛ ትመጣለች። ፎቶ ትነሳለች። ከዚያ እስከ ሚቀጥለው ዓመት ደህና ሁኚ።

ጋኑ እንግዳ መቀበል፣ ወላጅን ማክበር፣ ሽበት ላለው መነሳት እያለ የሚያስተምረው እሷ ቤት በየቀኑ የሚደረግ ነው። ዘሌዋውያን 19 በሽበታም ፊት ተነሣ ይላል፤ አውቶቡስ ውስጥም ተለጥፏል። ስለዚህ በተራ ቀን ጥሯት። ሊጥ ታቡካ፣ ተረት ትንገራቸው፤ አማርኛው ባይገባቸውም እጇና ፊቷ ይገባቸዋል፣ የልጅ ልጇም ያስተረጉማል።

ከዚሁ ጋር አንድ ነገር አለ። ልጆቻችን ትልቅ ሰው ሲያናግራቸው ዓይናቸውን ዝቅ እንዲያደርጉ ቤት ውስጥ እናስተምራለን። ጋን ውስጥ ይህ ድፍረት ማጣት ወይም አለመስማት ተብሎ ይተረጎማል። "ዓይኔን እያየህ ተናገር" ይባላል። ልጁ መሃል ላይ ይቀራል፤ ቤት አንዱ ጨዋነት፣ ጋን ሌላው። አንዱን እንዲጥል አታስገድዱት። ሁለቱንም መያዝ ይችላል፤ "አያት ጋ እንዲህ፣ ጋን ደግሞ እንዲህ" ብትሉት ይገባዋል። አስተማሪዋ ግን ማወቅ አለባት። በዓመቱ መጀመሪያ ስብሰባ ላይ ንገሯት። ዕብራይስጡ ካስቸገራችሁ ሜጋሼር (ጋኑንና ቤተሰቡን የሚያገናኝ ሰው) ይምጣልን በሉ።