የጥንድ ኮከቦችን ባሕርይ ሲያሰሉ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የጀማሪዎችን ስሌት ሳርም ትዕግሥቴን የሚፈታተነው ስህተት ከሁሉ በላይ አንድ ነው፤ የሁለቱን ኮከቦች ድምር መጠነ ቁስ ለደማቁ ብቻ ማሸከም። ለምሳሌ 8.6 የብርሃን ዓመት የሚርቀውን ደማቁን ሲሪየስንና ደብዛዛ ጓደኛውን ሲሪየስ ቢን እንውሰድ። አንዱ ሌላውን ለመዞር 50 ዓመት ያህል ይፈጅበታል፤ የምህዋሩ ግማሽ ረጅም ዘንግም (የሞላላው ረጅም ስፋት እኩሌታ) ከመሬት እስከ ፀሐይ ያለውን ርቀት 20 እጥፍ ገደማ ነው። የ20ን ኩብ ለ50 ካሬ ያካፈለ ጀማሪ 3.2 ያገኝና «ሲሪየስ የፀሐይን 3.2 እጥፍ ይመዝናል» ብሎ ይጽፋል። የለም! የዘንጉን ኩብ ለዙረቱ ዘመን ካሬ የሚያካፍለው የኬፕለር ሕግ የሚሰጠው ድምሩን ብቻ ነው። ድምሩን ለመክፈል እያንዳንዱ ኮከብ በጋራ ማዕከላቸው ዙሪያ ምን ያህል እንደሚዋልል ከኋላ ካሉት ሩቅ ኮከቦች አንጻር መለካት ግድ ነው፤ ጀርመናዊው የሥነ ፈለክ ተመራማሪ ቤሴል እ.ኤ.አ. በ1844 ጓደኛው መኖሩን ማንም ሳያየው የደረሰበትም በዚሁ ውልላት ነው። የደማቁ ምህዋር የጓደኛውን ግማሽ ስለሚያክል መጠነ ቁሱ ሁለት እጥፍ ይሆናል፤ ደማቁ የፀሐይን 2.06 እጥፍ፣ ጓደኛው 1.02 እጥፍ።

ድምሩ ከ3.2 ወደ 3.1 የወረደው የዘንጉን ልክ 19.8ን ወደ 20 ስላጠጋጋን ነው። ርቀት ኩብ ስለሚሆን የአንድ በመቶ ስህተት በመጠነ ቁስ ላይ ሦስት በመቶ ሆኖ ይወጣል።

በአንድ ሌሊት የለኩትን ክፍተት እንደ ምህዋሩ ስፋት አይውሰዱት፤ ምህዋሩ ሞላላና ወደ እኛ ያዘነበለ ነው።

«የሞቀ ሁሉ ይደምቃል» የሚለውም ብዙዎችን ያሳስታል። የጓደኛው ገጽ 25,000 ኬልቪን፣ የደማቁ ደግሞ 9,900 ገደማ ስለሆነ፣ በእኩል ስፋት ቢነጻጸሩ ጓደኛው 40 እጥፍ ያህል ኃይል ይረጫል። ነገር ግን በስፋት ከመሬት የሚያንስ ነጭ ድንክ (ነዳጁን ጨርሶ የተኮማተረ ኮከብ) ነውና የገጹ ስፋት ከደማቁ 40,000 ጊዜ ያህል ያንሳል፤ ጠቅላላ ኃይሉም አንድ ሺህኛ ገደማ ይሆናል። በዓይን ሲታይ ግን ወደ 10,000 ጊዜ ይደበዝዛል፤ አብዛኛው ብርሃኑ ዓይን የማያየው አልትራቫዮሌት ነውና። ከድምቀቱ ተነሥቶ መጠነ ቁሱን መገመት እንደማይቻል ከዚህ ግልጽ ነው።

ጓደኛው ዛሬ ቀላሉ ስለሆነ ቀድሞም ቀላሉ ነበር ብሎ ዕድሜውን ማስላትም አይገባም። ሲወለድ የፀሐይን 5 እጥፍ ገደማ ይመዝን ነበር፤ ከባድ ኮከብ ነዳጁን ፈጥኖ ያቃጥላልና፣ ነዳጁንም ቀድሞ የጨረሰው ከሁለቱ ከባዱ እሱ ስለነበረ ነው።