ወለተ ጴጥሮስን ስትጽፉ እምነቷን አትንጠቋት

«ታሪክ በሌላ መንገድ ቢሄድ ኖሮ» ብለው ልብ ወለድ የሚጀምሩ ልጆች የ17ኛውን ክፍለ ዘመን መነኩሲት ቅድስት ወለተ ጴጥሮስን ይወዷታል። እኔም እወዳታለሁ። ረቂቆቻቸውን ሳነብ ግን ያው ስህተት እየተመላለሰ ይመጣል።

ትልቁ እምነቷን መንጠቅ ነው። በቅርቡ አንድ ልጅ ጽሑፉን ይዞልኝ መጣ። አማርኛው ያምራል። ወለተ ጴጥሮስ ጣና ዳር ተቀምጣ ዳዊቷን ትዘጋና «የማምነው በአእምሮዬ ብቻ ነው» ትላለች። «ታዲያ ከአፄ ሱስንዮስ ጋር ምን አጣላት?» አልኩት። ዝም አለ። መልስ የለውማ! ይህች ሴት የመኳንንት ልጅ ናት። ባሏ መልክአ ክርስቶስ የንጉሡ አማካሪ ነበር። ንጉሡ ደግሞ ወደ ካቶሊክ እምነት ገብቶ ነበር። ያንን ሁሉ ትታ የመነኮሰችው፣ ከኢየሱሳውያኑ (ከካቶሊክ ሚሲዮናውያኑ) ጋር የተከራከረችው፣ ወደ ዠበይ የተጋዘችው ለተዋሕዶ ብላ ነው። የክርስቶስ ባሕርይ አንድ ነው ወይስ ሁለት የሚለው ክርክር ለእሷ የሞት ሽረት ጉዳይ ነበር። አሳቢነቷም ያለው እዚያው ውስጥ ነው። እሱን ካወጣችሁት የሚቀረው ነጠላ የለበሰች የዛሬ ሴት ናት። እባካችሁ፣ አንድ መስመር ከመጻፋችሁ በፊት ክርክሩን ከሚያውቅ መምህር እግር ስር ቁጭ በሉ።

ባሏ መልክአ ክርስቶስና በላስታ የሸፈተው መልክአ ክርስቶስ ሁለት ሰዎች ናቸው። አታምታቷቸው።

የሱስንዮስ ቤተ መንግሥት ደንቀዝ ነበር። ጎንደርን ፋሲለደስ የቆረቆረው በ1636 ነው (ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ስለዚህ በ1620ዎቹ የጎንደር ግንብ የለም። ባሕር ዛፍም የለም፤ እሱ የመጣው በምኒልክ ዘመን ነው። እኔ ራሴ የመጀመሪያ ታሪኬ ላይ ገዳሟን የባሕር ዛፍ ሽታ አልብሼው ነበር። ያነበቡልኝ አንድ አዛውንት በቀይ እስክርቢቶ አሰመሩበት። እስካሁን ያሳፍረኛል።

ብዙዎቻችሁ ደግሞ ማተሚያ ትሰጧታላችሁ። ይህን እደግፋለሁ፤ እውነተኛ መነሻ አለው። ለኢትዮጵያ የታሰበ ማተሚያ በ1556 ህንድ ውስጥ ጎዋ ደርሶ እዚያው ቀርቷል። በግዕዝ ፊደልም ሮም ላይ ገና በ1513 መዝሙረ ዳዊት ታትሟል። ግን ማተሚያውን ይዘው የመጡት እነማን ነበሩ? ኢየሱሳውያኑ! ጣና ቢደርስ ኖሮ ወለተ ጴጥሮስ የባላጋራዎቿን መሣሪያ መንካት አለባት። ትነካዋለች? ማን ፈቅዶላት? መነኮሳቱስ ምን ይላሉ? ታሪኩ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ እናንተ ግን ዘላችሁት በአንድ ሌሊት ሺህ ወረቀት ታትማላችሁ።

ቀስ በሉ። የግዕዝ ፊደል ከነዘሩ ሁለት መቶ ገደማ ነው፤ እያንዳንዱ ለብቻው ከቀለጠ የእርሳስ ብረት መሠራት አለበት። ዕድሜዋን ሙሉ ብራናና መቃ ብዕር ብቻ ያየች መነኩሲት የፊደል ሳጥኑ ላይ አጎንብሳ «ተ»ን ስትፈልግ አሳዩኝ። ቀጥሎ «ዋ»ን፣ ቀጥሎ «ሕ»ን፣ ቀጥሎ «ዶ»ን። ፊደሎቹ የተገለበጡ ናቸው። ጣቷ ይጠቁራል።

ብቻዋንም አታስቀምጧት። ጓደኛዋ መነኩሲት እኅተ ክርስቶስ እስከ መጨረሻው አብራት ነበረች፤ ወለተ ጴጥሮስ በ1642 ስታርፍም የመነኮሳቱን ማኅበር የተረከበችው እኅተ ክርስቶስ ናት። አንዷ ፊደል ትልቀም፣ ሌላዋ መብራት ትያዝላት። ምዕራፍ አንድን ከዚያ ጀምሩት።