ደንገጎ ላይ ድንኳን ከመትከላችሁ በፊት

የባጃጅ ሸራ ነው የምሰፋው። ድሬዳዋ፣ ቀፊራ ገበያ አጠገብ ጠባብ ሱቅ አለችኝ። ሳምንቱን ሙሉ ከስፌት መኪናው ጋር ስታገል ከርሜ፣ ሲመቸኝ ቅዳሜ ጠዋት ሸራዬን ጠቅልዬ በሐረር መንገድ ወዳለው የደንገጎ ዳገት እወጣለሁ። የማድረው ደን ውስጥ ነው። ሽንት ቤት የለም፣ ቧንቧ የለም፣ መብራት የለም። ክፍያም የለም። ሱቄ የሚመጡ ሰዎች ጥግ ላይ የተጠቀለለውን ድንኳን ሲያዩ “አቦ እንዴት ነው የምታድረው? ጅቡስ?” ይሉኛል። ቆሜ ስመልስ ስፌቱ ይቆማል፤ ስለዚህ አንዴ ልጻፈው።

አሜሪካ የሚኖር ያክስቴ ልጅ አለ። እዚያ ብሔራዊ ደን በሚሉት የመንግሥት መሬት ላይ፣ ካልተከለከለ ቦታ በቀር፣ መኪናህን አቁመህ ድንኳን መትከል ትችላለህ። ብር አትከፍልም። በብዙዎቹ ደኖች እስከ 14 ቀን መቆየት ይፈቀዳል። እሱ ድሬ ሲመጣ ይህንኑ ልማድ ይዞ መጣ። ደንገጎን እንዳየ “እዚህ ባዶ ቦታ ሞልቶ!” አለኝ።

ባዶ ቦታ የለም። እኛ ጋ እያንዳንዱ ጋራ ሰው አለው። መሬቱ የመንግሥትና የሕዝብ ነው ቢባልም አንዱ ከብት ያሰማራበታል፣ አንዷ ሣር ታጭድበታለች፣ ሌላው ቀፎ ሰቅሎበታል። እንዲያገግም ተብሎ የተከለለ ተራራም አለ፤ እዚያ ፍየል እንኳ አይገባም። ባዶ የመሰላችሁ ባለቤቱ ወደ ቤቱ ስለገባ ነው።

ይህን የተማርኩት በጨለማ ነው። ገና ጀማሪ ሳለሁ ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ከደንገጎ አለፍ ብለን ባሕር ዛፍ ሥር ደረስን። መሽቷል። ማንንም አላናገርንም። ባትሪ እያበራን ሸራ ወጠርን፣ ሻይ አፈላን፣ ተኛን። ከምሽቱ 5 ሰዓት ገደማ ውሻ ጮኸ። ቀጥሎ ሦስት ባትሪዎች ፊታችን ላይ በሩ። “ኤኙ?” የሚል ድምፅ መጣ፤ ማን ነው ማለት ነው። ሰውየው ዱላ ይዟል፤ ሁለት ልጆቹ ከኋላው ቆመዋል። ለካ ከእግራችን ሥር፣ ሃያ እርምጃ እንኳ በማይሞላ ርቀት፣ የጫት ማሳ ነበር። ሐረርጌ ውስጥ ጫት ሌሊት ይጠበቃል። አንድ ሌሊት የተሰረቀ ጫት የአንድ ቤት የወራት ቀለብ ነው። እኛ ደግሞ ሌባ የሚያደርገውን ሁሉ አድርገናል፤ መሽቶ መምጣት፣ ባትሪ ማብራት፣ ዛፍ ውስጥ መደበቅ።

እጄን ዘርግቼ ቆምኩ። ኦሮምኛ የሚችለው ጓደኛችን ቀስ ብሎ አስረዳ። ሰውየው ድንኳኑን በባትሪው አየ፣ ጀበናውን አየ፣ ዱላውን መሬት ላይ አሳረፈ። ከዚያ የተናገረውን አልረሳውም። “ቀን መጥታችሁ ብትነግሩኝ ቤቴ አሳድራችሁ ነበር።” ማልዶ ሆጃ የሚባለውን ትኩስ መጠጥ በቴርሞስ ላከልን።

እንግዲህ የመጀመሪያው ሥራ ይኸው ነው። ከቀኑ 9 ሰዓት ሳያልፍ ድረሱ። ዕቃችሁን ሳታወርዱ በቅርብ ወደሚታየው ቤት ሂዱ። ሰላምታው ጊዜውን ይውሰድ፤ ከብቱንም ዝናቡንም ጠይቁ። ከድሬ ወደ ሐረር ባለው ገጠር ብዙው ሰው የሚናገረው ኦሮምኛ ነው፤ ወደ ቆላው ስትወርዱ ሶማሊኛ አለ። ቋንቋውን የሚችል ሰው ከመካከላችሁ ይኑር። ካልሆነም “ነጋያ” ብሎ ጀምሮ “አስ ቡሉ ኒ ደንዴኛ?”፣ ማለትም እዚህ ማደር እንችላለን ወይ ብሎ መጠየቅ ብዙ በር ይከፍታል። ስንት እንደሆናችሁ፣ መቼ እንደምትሄዱ፣ እሳት ታነዱ እንደሆነ ንገሩ። መታወቂያችሁን ሳትጠየቁ አሳዩ። ቀበሌውም ይወቅ። አካባቢው ሰላም መሆኑንም በዚያው ጠይቁ፤ ከሳምንት በፊት ሰላም የነበረ ሁሉ ዛሬም ሰላም ነው ብላችሁ አትገምቱ። ከወታደር ካምፕና ከአንቴና አጠገብ ራቁ። አይሆንም ካሏችሁ አመስግናችሁ ሂዱ። ክርክር የለም።

ነፃ ነው ማለት ባዶ እጅ መሄድ አይደለም። እኔ ስኳርና ሳሙና ይዤ ነው የምሄደው። ሌሊቱን አብሮን የሚያድር የመንደሩ ወጣት ካገኘን ደግሞ የጥበቃ እንከፍለዋለን። እሱ አጠገባችሁ ካለ የሚመጣው ባትሪ ሁሉ የዘመድ ባትሪ ነው።

ሁለተኛው የቦታ ምርጫ ነው። እዚህ ላይ ልቆይ፤ ምክንያቱም ሰው የሚሞተው እዚህ ነው።

ድሬ አካባቢ ደረቅ ወንዝ በጣም ያታልላል። አሸዋው ለስላሳ ነው፣ ሜዳ ነው፣ እሾህ የለውም፣ ዳርና ዳሩ ጥላ አለው። ሸራ ለሚዘረጋ ሰው ከዚያ የተሻለ ያለ አይመስልም። እዚያ አትተኙ። በሐምሌ 1998 መጨረሻ ከተማችንን የሚያቋርጠው ደረቅ ወንዝ፣ ደቻቱ፣ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ወሰደብን። የድሬ ልጅ ሆኖ ከዚያ ሌሊት በኋላ ሰው ያላጣ ወይም ያጣ ጎረቤት የሌለው ጥቂት ነው። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ዝናቡ የሚጥለው ላይ፣ ደጋው ላይ ነው። ዳገቱ ቁልቁል ስለሆነና ብዙው ስለተራቆተ ውኃው አይሰርግም፤ ተሰብስቦ ይወርዳል። እናንተ ታች ሆናችሁ ኮከብ እያያችሁ ጎርፉ ይደርሳል።

አንዴ በሚያዝያ፣ በበልጉ፣ እኔም ከወንዙ ዳር ተኛሁ። አሸዋው ላይ አይደለም፣ ከፍ ያለች መደብ ላይ ነው ብዬ ተጽናንቼ ነበር። ሌሊት የነቃሁት በድምፅ ነው። ጭነት የያዘ ሲኖትራክ በከባድ ማርሽ ዳገት ሲወጣ ያለውን ድምፅ ታውቃላችሁ? እሱን ነው የመሰለኝ። መንገድ ግን በአቅራቢያው አልነበረም። ጫማዬን ሳላደርግ ሮጥኩ። ስመለስ መደቧ ላይ አንድ ክንድ ውኃ ነበር፤ ድስቱም ጫማውም ሄዷል። አንድም ጠብታ እላያችን ላይ አልወረደም።

ከዚያ ወዲህ ቦታ ስመርጥ ቁጥቋጦውን ነው የማየው። ጎርፍ ሲያልፍ ጭራሮና ፌስታል ቅርንጫፍ ላይ ሰቅሎ ይሄዳል። ከፍተኛው ፌስታል የት እንደተንጠለጠለ እዩ፤ ውኃው ቢያንስ እዚያ ደርሶ ያውቃል። እናንተ ከዚያ በጣም በላይ መሆን አለባችሁ። ገደል ሥርም አትሁኑ። ድንጋይ ይወርዳል፤ ደግሞም የኛ አካባቢ ዝንጀሮ ሲመሽ ገደል ላይ ነው የሚያድረው፣ ማልዶ ሲወርድ ዳቦአችሁን ይዞ ይሄዳል። ቀና ብላችሁ የደረቀ ቅርንጫፍ እንደሌለም አረጋግጡ። ባሕር ዛፍ ነፋስ ሲነካው ቅርንጫፉን ይጥላል።

ወቅቱም ይታሰብበት። ለጀማሪ ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ጊዜ ይሻላል። በልግና ክረምትን ልምድ እስክታገኙ ተዉት።

አሁን ወደ ጅቡ። ሐረር ዙሪያ፣ ለምሳሌ ሐኪም ጋራ ላይ፣ ጅብ ሰው ለምዷል። ሲጮህ መስማታችሁ የተለመደ ነው፤ አትደንግጡ። የሚጠራው ሽታ ነው። ሥጋ የተጠበሰበት መጥበሻ፣ ዘይት የነካው ማዳበሪያ፣ የቆዳ ጫማ። እኔ መጥበሻዬን በአሸዋ ፈትጌ ውጭ ትቼ ነበር፤ ጠዋት ከሰማንያ እርምጃ በላይ ርቆ አገኘሁት፣ የእንጨት እጀታው ተቆርጥሟል። የጥርሱን ቦታ በጣቴ ዳሰስኩት፤ አውራ ጣቴ ገባበት። ስለዚህ ምግብ የምታበስሉበት ከምትተኙበት ይራቅ። የተረፈውን በደንብ ቋጥራችሁ ዛፍ ላይ፣ ከሰው ቁመት በእጥፍ ከፍታ ስቀሉት። ጫማ ድንኳን ውስጥ ይግባ። ሜዳ ላይ ፊታችሁን ገልጣችሁ አትተኙ፤ ልጆች መሀል ይሁኑ። ሌሊት ለሽንት ስትወጡ ብቻችሁን አትሂዱ፣ ባትሪ ያዙ፣ ጅብ ካያችሁ አትሩጡ። አጥንት አትወርውሩለት። ሐረር በር ላይ የሚመገበው ሌላ ነገር ነው፤ እዚያ ጅቡን የሚያውቀው ሰው አለ።

ዝሆኖች ያሉበት የባቢሌ መጠለያ ደግሞ ጥብቅ ቦታ ነው። እዚያ በራሳችሁ ፈቃድ ሸራ አትወጥሩም፤ አስፈቅዳችሁ፣ ከጠባቂ ጋር ነው የምትገቡት።

ስለ መኝታ ከናቴ የተማርኩትን ልንገራችሁ። ልጅ ሆኜ ታኅሣሥ 19 ቁልቢ ገብርኤል እንሄድ ነበር። ሺህ ሰው በላስቲክና በሸራ ሥር ያድራል። እኛ የቆላ ልጆች የደጋው ብርድ ያንቀጠቅጠናል። እናቴ ያላትን ብርድ ልብስ ሁሉ አታለብሰንም፤ ግማሹን ከሥራችን ታነጥፈዋለች። “ብርድ ከላይ አይመጣም፣ ከመሬት ነው የሚወጣው” ትላለች። እውነቷን ነው። ዛሬም ከሁሉ አስቀድሜ የማነጥፈው ሁለት ድርብ ካርቶን ነው፤ የቴሌቪዥን ወይም የፍሪጅ ካርቶን። ካርቶን ነፃ ነው፣ ከብዙ ስስ ፍራሽ ይሻላል። ድሬ ወደ 1200 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ ደንገጎ ከ2000 በላይ ነው። በየ1000 ሜትሩ 6 ዲግሪ ገደማ ስለሚቀንስ፣ ከቤት ስትወጡ ያላባችሁ ልብስ ሌሊት አያድናችሁም። ጋቢ፣ ካልሲ፣ ኮፍያ ያዙ። ቆላ ከሆነ ግን ሽርጥና አጎበር ይበቃል። አጎበሩን ግን አትርሱ። ወባ አለ። በ2011 ክረምት ችኩንጉንያ የሚባለው የትንኝ በሽታ ድሬን እንዴት እንዳንገላታት ያየ ሰው ደግሞ ቀን የምትናከሰውንም ትንኝ አይንቅም፤ ለእሷ ረጅም እጅጌ ልበሱ።

ድንኳን መግዛት የግድ አይደለም። 3 በ4 ሜትር የሆነ ሸራ፣ ሃያ ሜትር ገመድና ስምንት ካስማ ለሦስት ሰው ይበቃል። ገመዱን ሁለት ዛፍ መሀል ወጥሩ፣ ሸራውን አጥፋችሁ ጣሉበት፣ ጠርዙን በካስማ ያዙ። ጀርባው ወደ ነፋሱ ይሁን። ውኃ የሚገባው በጨርቁ ሳይሆን በስፌቱ ነው፤ መርፌ ያለፈበት ሁሉ ቀዳዳ ነው። ሻማ ውሰዱና ስፌቱን ከውስጥም ከውጭም አጥብቃችሁ እሹት፣ ከዚያ ፀሐይ ላይ አሙቁት። ሰሙ ለስልሶ ቀዳዳውን ይሞላል። ደንበኞቼ ባጃጃቸው ሲያፈስ የማደርግላቸው ይህንኑ ነው።

ውኃ ለአንድ ሰው በቀን 5 ሊትር አስቡ፤ ቆላ ከሆነ ጨምሩ። ከቤት ይዛችሁ ሂዱ። የመንደሩን ውኃ አትቁጠሩበት፤ ያቺን ጀሪካን አንዲት ልጅ ምን ያህል መንገድ ተሸክማ እንዳመጣቻት አታውቁም። ከምንጭ መጠቀም ግድ ከሆነ አፍሉት። ከ2000 ሜትር በላይ ውኃ በዝቅተኛ ሙቀት ስለሚፈላ፣ መንተክተክ ከጀመረ በኋላ 3 ደቂቃ ጠብቁ። ውኃ አጋር የሚባለውን የውኃ ማከሚያ ከያዛችሁ መጠኑን ከጠርሙሱ ላይ አንብቡ፣ ጨምራችሁም 30 ደቂቃ ቆዩ።

ለመጸዳጃ መኮትኮቻ ያዙ። ከውኃና ከመንገድ ሰማንያ እርምጃ ራቁ፣ አንድ ስንዝር ቆፍሩ፣ መልሳችሁ ድፈኑ። ሶፍቱን ግን አትቅበሩት፤ ውሻ ያወጣዋል። በፌስታል ቋጥሩና ይዛችሁ ተመለሱ።

እሳት ላይ ጥብቅ ነኝ። የቆመ ዛፍ አይቆረጥም፤ እርጥብ ቅርንጫፍም ቢሆን። ጥድና ወይራ በኛ ተራራ ላይ ምን ያህል እንደቀሩ ዓይን ያለው ያያል። የባሕር ዛፍ ቅጠል ዘይት አለው፤ ደርቆ መሬት ላይ ሲከመር አንድ ፍንጣሪ ይበቃዋል። እኔ ትንሽ ቡታጋዝ ይዤ እሄዳለሁ። ከሰል ካነደዳችሁም በምድጃ ይሁን፣ ሥሩን ሁለት እርምጃ ዙሪያውን ጥረጉ።

ስልኩ ሙሉ ቻርጅ ይሁን። 991 ፖሊስ ነው፣ 907 የቀይ መስቀል አምቡላንስ። ሸለቆ ውስጥ ኔትወርክ ስለሚጠፋ ገና በቀን የት ላይ እንደሚሠራ ፈልጋችሁ እወቁ። የት እንደምታድሩም ለአንድ የቤት ሰው ንገሩ።

ጠዋት ጫማ ከማድረጋችሁ በፊት አራግፉት፤ ጊንጥ ሙቀት ይወዳል። ካርቶኑን አጣጥፉ፣ ቆሻሻውን በማዳበሪያ ሰብስቡ፣ የሌላ ሰው ሃይላንድ ካገኛችሁም ጨምሩበት። አመዱ ላይ ውኃ አፍስሱ፣ በእንጨት አማስሉ፣ እንደገና አፍስሱ። ከዚያ መዳፋችሁን አስጠጉ። ትንሽ እንኳ ከሞቀ ገና ነው። ሲቀዘቅዝ ትናንት ያስፈቀዳችሁትን ሰው ጥሩና ቦታውን አሳዩት። ያ የጫቱ ማሳ ባለቤት አሁን ስደውልለት ድምፄን ያውቃል። “ቅዳሜ ነው?” ይለኛል፣ “ስንት ናችሁ?”