ስንጥቁን አይቶ መሸኘት፦ በሕፃናት የራስ ቅል ስብራት ላይ የምንሠራቸው ስህተቶች

በእኛ በሰሜን ሸዋ ደጋ ሕፃን የሚወድቅበት አያጣም። ከመደብ፣ ከድንጋይ ካብ፣ ከበቅሎ፣ ካልጠበቀ አንቀልባ ይወድቃል። ተራ የራስ ቅል ስንጥቅ ብዙ ጊዜ በራሱ ይገጥማል። ልጁን የሚጎዳው ከአጥንቱ ሥር ያለው ነው።

መጀመሪያ እቤት የሚሠራው ስህተት ማሸት ነው። ወጌሻ ክንድ ላይ ያለውን ሙያ አልነካም፤ ራስ ላይ ግን እጁን ይሰብስብ። የተሰበረው አጥንት ወደ ውስጥ ገብቶ ከሆነ መጫን ያባብሰዋል። ክፍት ቁስል ላይ ቅቤ መቀባትና ቡና መነስነስም ኢንፌክሽን ይጋብዛል። ንጹሕ ጨርቅ ጣል አድርጎ ይዞ መምጣት ይበቃል።

እብጠትን ሁሉ በአንድ ዓይን ማየትም አለ። ግንባር ላይ ጉብ ያለው ብዙ አያስጨንቀኝም። ከጆሮ በላይ ወይም በማጅራት በኩል ያለ፣ ሲነኩት ልፍስፍስ የሚል እብጠት ግን፣ በተለይ ዓመት ባልሞላው ሕፃን፣ ስብራት ያስጠረጥራል። እርግብግቢቱንም ሕፃኑ ዝም ባለበት ቀና አድርጎ መዳሰስ ነው፤ ሲያለቅስማ የማንም ይወጠራል።

"ራጁ ደህና ነው" ብሎ መሸኘት ከባዱ ነው። ራጅ አጥንት እንጂ የደም መፍሰስ አያሳይም። ልጁ ሲጫወት ቆይቶ ከሰዓታት በኋላ ሊዝል ይችላል። ደጋግሞ ካስታወከ፣ ለመንቃት ካስቸገረ፣ ከተንቀጠቀጠ ወይም አንዱ የዓይኑ ብሌን ከሰፋ፣ ከአጥንቱ ሥር ያለውን የሚያሳየው ሲቲ ስካን ያስፈልገዋል። ከእኛ ከመሀል ሜዳ ሲቲ ስካን እስካለበት ድረስ መንገዱ ረጅም ስለሆነ "ነገ ጠዋት ይሂድ" አይባልም። እናቲቱ "ልጄ የወትሮውን አልመስል አለኝ" ካለችም ያ ራሱ ምልክት ነው።

በጆሮ ወይም በአፍንጫ ውሃ የመሰለ ፈሳሽ ሲወርድ፣ ከአንጎል ዙሪያ የሚፈስ ሊሆን ስለሚችል፣ ጥጥ አይወተፍም፤ በአፍንጫም ቱቦ አይገባም። ፈሳሹ ብዙ ጊዜ በቀናት ውስጥ በራሱ ይቆማል። "ለጥንቃቄ" የሚሰጠው አንቲባዮቲክ ማጅራት ገትርን እንደሚከላከል አልተረጋገጠም። ይልቅ ትኩሳቱን መከታተልና ማጅራት ገትር ከሚያመጡት ተህዋስያን አንዱን የሚከላከለውን የኒሞኮካል ክትባት መውሰዱን ከካርዱ ማየት ይሻላል።

የመጨረሻውን ስህተት ራሴ ሠርቼዋለሁ። ዓመት ከመንፈቅ የሆናት ልጅ ከመደብ ወድቃ መጣች። ራጁ ላይ ሰፋ ያለ ስንጥቅ ይታያል፤ እሷ ግን እንጀራዋን ትቆርሳለች። "እግዜር አትርፏታል" ብዬ ያለ ቀጠሮ ሸኘኋት። ከሦስት ወር በኋላ እናቷ የልጅቷን ሻሽ ፈታ አድርጋ "ሲስተር፣ ይቺ እብጠት ትመታለች" አለችኝ። ጣቴን ሳሳርፍበት ትር ትር ይላል፤ ዳር ዳሩን የአጥንቱ ጠርዝ ይቆረቁራል።

ለካ ከአጥንቱ ጋር የአንጎል ሽፋኑም ተቀድዶ ኖሯል። አንጎሉ በየልብ ምቱ በቀዳዳው ሲገፋ ስንጥቁ በመግጠም ፈንታ እየሰፋ ሄደ። ይህ በብዛት የሚታየው ከሦስት ዓመት በታች ባሉት ላይ ነው። ወጌሻም መርፌም አይፈታውም፤ ሽፋኑ በቀዶ ሕክምና መጠገን አለበት። ከዘገየ የሚጥል በሽታና የአንድ ጎን መድከም ያስከትላል።

ዛሬ ሕፃን ስንጥቅ ይዞ ከመጣ፣ በተለይ ጠርዞቹ ከ4 ሚሊ ሜትር በላይ ከተራራቁ፣ የአንድ ወርና የሦስት ወር ቀጠሮ ካርዱ ላይ እጽፋለሁ። ቀኑን ከገበያ ቀን ጋር አገጥመዋለሁ፤ ልጁ እየሮጠ ሳለ ለቀጠሮ ብቻ ብላ ያን ሁሉ መንገድ የምትመጣ እናት ጥቂት ናት።