የላቫጆ ማሽን ግፊት አልሰጥ ሲል፦ መጀመሪያ የመግቢያውን በኩል እዩ

ጎንደር ውስጥ "ፓምፑ ሞቷል" ተብሎ በባጃጅ ተጭኖ የሚመጣልኝ የላቫጆ ማሽን አብዛኛውን ጊዜ አልሞተም። ውሃ ጠምቶት ነው። ባለቤቱ ግን አዲስ ፓምፕ ሊገዛ ዋጋ ጠይቆ ጨርሷል።

ሶኬቱ መሰካቱን፣ ሩቢኔቱ መከፈቱን፣ ሮቶው ውስጥ ውሃ መኖሩን አይታችኋል ብዬ ነው የምጀምረው። ካላያችሁ እዩና ተመለሱ።

ምንም ነገር ከመፍታታችሁ በፊት ግን ግፊቱን አራግፉ። ዲናሞውን አጥፉ። የውሃ መግቢያውን ዝጉ። የመርጫውን ሽጉጥ ሰው ወደሌለበት አዙራችሁ ውሃው መውጣቱን እስኪያቆም ቃታውን ጎትታችሁ ያዙ። ከዚያ ቃታውን ቆልፉት። ማሽኑ ስለጠፋ ቱቦው ውስጥ የታፈነው ግፊት አብሮ አይጠፋም። ትንንሾቹ ማሽኖች እንኳ ከ100 እስከ 150 ባር ይሰጣሉ፣ ትልልቆቹ 200 ይደርሳሉ። የቤት መኪና ጎማ የሚነፋው በ2 ባር ከምናምን ነው። እሱ ሲፈነዳ የሚያሰማውን ድምፅ ታውቁታላችሁ።

ምልክት፦ ግፊቱ ይወጣል ይወርዳል፣ ሽጉጡ እጅ ላይ ይንዘፈዘፋል

በብዛት የማየው ይህን ነው፤ ስለዚህ እዚህ ላይ ረዘም አደርጋለሁ።

ቃታው ሲጎተት ውሃው መጀመሪያ በደንብ ይመጣል። ከዚያ ይደክማል። ደግሞ ይነሳል። የጌጁ ቀስት 120 ይነካና 40 ላይ ይወድቃል። ፓምፑ ጠጠር የገባበት ወፍጮ ዓይነት ድምፅ ያሰማል። ይህን ድምፅ የሰማ ሁሉ "ኩሽኔታው ሄዷል" ይላል። ኩሽኔታው ምንም አልሆነም። ወይ ፓምፑ አየር እየዋጠ ነው፣ ወይ የሚበቃውን ውሃ አላገኘም።

ውስጡ የሚሆነው እንዲህ ነው። ፒስተኑ ወደ ኋላ ሲመለስ ውሃ ይስባል። ውሃው ቶሎ ካልደረሰ ውስጡ ባዶ ይሆናል፣ ያለችው ውሃም ሳትሞቅ ተንና አረፋ ትሆናለች። ፒስተኑ ተመልሶ ሲገፋ አረፋው በአንዴ ይጨፈለቃል። ያ ነው ድምፁ። የፓምፑን ነሐስ የሚቦረቡረውም እሱ ነው። እንዲህ ሲሠራ የከረመ ፓምፕ ራሱ ተፈትቶ ሲታይ በመርፌ የተወጋጋ ይመስላል፣ በጣት ሲዳሰስ ይቆረቁራል። እዚያ ከደረሰ ጥገና የለውም።

እኛ ከተማ ይህ ጣጣ የሚበዛበት ምክንያት አለው። ጎንደር ከባሕር ወለል ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍ ትላለች። ፓምፕ ውሃ "ሳበ" ስንል በእርግጥ የሚገፋው የአየሩ ክብደት ነው። አየሩ በባሕር ወለል ላይ ውሃን 10 ሜትር ገደማ ያነሳል። እዚህ 8 ሜትር ገደማ ነው፣ ያውም በስሌት እንጂ በሥራ ከዚያ በብዙ ያንሳል። ከማሽኑ ጋር የሚመጣው መመሪያ ስለ ጎንደር አየር የሚያውቀው ነገር የለም። አንድ ሰው መተማ ላይ ያለ እንከን ሲሠራበት የነበረውን ማሽን እዚህ ጎንደር፣ ማራኪ ሰፈር አምጥቶ ተከለና መንዘፍዘፍ ጀመረ። "ቆላ ለምዶ ደጋው አልስማማ ብሎት ነው" እያለ ይስቅ ነበር። ቀልዱ ልክ ነበር። ሮቶውን መሬት ላይ አስቀምጦ ፓምፑን ከፍ ያለ ጠረጴዛ ላይ ሰቅሎት ነበር። ቦታቸውን ስናቀያይር ተስማማው።

ሁለተኛው ጭቃው ነው። የአንገረብ ግድብ በደለል መቸገሩን ከተማው ሁሉ ያውቃል። ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ሮቶ ያልገዛ ላቫጆ የለም። ክረምት ላይ የደፈረሰው ውሃ ሮቶ ውስጥ ያድርና ጭቃው ይዘቅጣል። የሮቶው መውጫ ደግሞ ታች ነው። ፓምፑ መጀመሪያ የሚጠጣው አተላውን ነው ማለት ነው። ከወንዝ በቀጥታ የሚስቡትንማ ተዉአቸው፤ የእነሱ ፊልትሮ በየቀኑ ካልታጠበ ፓምፑ አሸዋ እየፈጨ ነው የሚውለው።

ፊልትሮ ካነሳሁ አይቀር፦ አውጥቶ መጣል የሚባል በሽታ አለ። በአዘዞ መንገድ፣ ከመተማ ዋልካ ጭቃ ተለስነው የሚመጡ ሲኖትራኮች የሚታጠቡበት አንድ ላቫጆ አለ። ልጁ ማሽኑን ይዞ መጣ።

"ጋሼ፣ ፊልትሮውን ካወጣነው ወዲህ እኮ ተሽሎት ነበር!"

"ለስንት ቀን?"

ዝም አለ። ስፈታው ቫልቮቹ ሥር አሸዋ ተጋግሯል፣ ውሃ እንዳያመልጥ የሚያግዱት ጎሚኒዎች ተፍቀዋል። የተደፈነ ፊልትሮ ሥራውን እየሠራ ነው። አጥባችሁ መልሱት። ከተቀደደ ተመሳሳይ አዲስ ግዙ። በወንፊት ጨርቅ ወይም በስቶኪንግ ጠቅልሎ ማሰር ፊልትሮ አይባልም።

አሁን ወደ ምርመራው። የመግቢያውን ቱቦ ከፓምፑ ንቀሉና 20 ሊትር ጀሪካን ሙሉበት። በስልካችሁ ሰዓት ያዙ። ማሽኑ ላይ ያለው ሰሌዳ "በደቂቃ 15 ሊትር" የሚል ከሆነ ጀሪካኑ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ሞልቶ መፍሰስ አለበት። 80 ሴኮንድ ከፈጀ ልክ 15 ነው፣ መጠባበቂያ የለውም። ከዚያ በላይ ከፈጀ ፓምፑን በቁልፍ እንዳትነኩት። ችግሩ ከሮቶው እስከ ቱቦው ጫፍ ባለው መንገድ ላይ ነው።

ጀሪካኑ በደንብ ሞልቶ ማሽኑ አሁንም ከተንዘፈዘፈ አየር የሚገባበት ቦታ አለ። በመሳቢያው በኩል ያለ ቀዳዳ እንደሌላው ውሃ አያንጠባጥብም፤ አየር ወደ ውስጥ ይስባል። ደረቅ ስለሆነ ማንም አይጠረጥረውም። ማሽኑ እየሠራ በየመጋጠሚያው ላይ የሳሙና አረፋ ቀቡ። አረፋው ወደ ውስጥ ከተሳበ ወይም ድምፁ ድንገት ከተስተካከለ አገኛችሁት። ይህን የምታደርጉት በመግቢያው በኩል ብቻ ነው! በመውጫው በኩል እጃችሁ ወደ መጋጠሚያው አይቅረብ። ምክንያቱ ታች አለ።

ቀዳዳው ብዙ ጊዜ ቱቦውን አጥብቆ የሚያስረው ቀለበት፣ ፋሼታው፣ ሥር ነው። ገበያ ላይ ያለው ቀጭኑ ፋሼታ ሁለቴ ሲጠብቅ ጥርሱ ይላጣል። ጥቂት ብር ጨምራችሁ ወፍራሙን ግዙና ሁለቱን ጎን ለጎን እሰሩ። ሽቦ ጠምዝዞ ማሰር ለአጥር ነው። ጥርስ ባለው መጋጠሚያ ላይ ቴፍሎን በደንብ ጠቅልሉ።

የመሳቢያው ቱቦ ራሱም ይመርመር። አትክልት የሚጠጣበት ለስላሳ ቱቦ ፀሐይ ሲያገኘው ይለሰልሳል፣ ፓምፑ ሲስብ ይጣበቃል። ማሽኑ ጠፍቶ ስታዩት ደህና ይመስላል፤ እየሠራ እዩት። ውስጡ ሽቦ የተጠመጠመበት፣ ቢያንስ ባለ 3/4 ኢንች ይሁን፣ ባጠረ ቁጥር ይሻላል። ሮቶውን ከፓምፑ አንድ ሜትር ያህል ከፍ አድርጉ። መውጫውን ከወለሉ አንድ ስንዝር ከፍ አድርጋችሁ ብሱት፣ የታችኛውን ቀዳዳ ለአተላ ማስወገጃ ብቻ ተዉት። በየሳምንቱ ክፈቱት። የሚወጣውን ስታዩ ለምን እንደምጮህ ይገባችኋል።

ይህ ሁሉ ተደርጎ መንዘፍዘፉ ካለ ያኔ ፓምፑን ፍቱ። ባለ 3 ፒስተን ፓምፕ 6 ቫልቭ አለው፣ 3 የመግቢያ 3 የመውጫ። መንዘፍዘፉ እኩል እየመታ ከሆነ አንዱ ቫልቭ ሥር ቆሻሻ ተይዟል ወይም ሞላው ተሰብሯል። ዝብርቅርቁ የወጣ ከሆነ ግን አየር ነው፤ ተመለሱና ፋሼታውን እዩ።

ምልክት፦ ግፊቱ ዝቅ ብሎ ረግቷል

የሽጉጡ አፍ፣ ኖዝሉ፣ ሰፍቷል። ቀይሩት። ሲደፈን በሚስማር የሚወጉት ሰዎች ናቸው የሚያሰፉት። ግፊቱን አራግፉ፣ ኖዝሉን ንቀሉ፣ በቀጭን የሽቦ ክር ከፊት ወደ ኋላ ግፉት፣ በውሃ አጥሩት።

የኖዝሉን ቀለም ደግሞ እወቁ፤ ውሃው ምን ያህል ተበትኖ እንደሚወጣ ይናገራል፦ ቀዩ 0 ዲግሪ፣ ቢጫው 15፣ አረንጓዴው 25፣ ነጩ 40 ነው። ለመኪና አረንጓዴና ነጭ ይበቃል። ቀዩን እኔ ብሆን ደብቄ አስቀምጠው ነበር። የመኪና ጎማ ስታጥቡ ከ30 ሴንቲሜትር አትቅረቡ። የተጎዳ ጎማ እዚያው አይፈነዳም፤ መንገድ ላይ ነው የሚፈነዳው።

ምልክት፦ ቃታው ሲለቀቅ ፓምፑ ይጋላል

ቃታው ሲለቀቅ ውሃውን ወደ ኋላ የሚመልሰው ቫልቭ፣ አንሎደር የሚሉት፣ ያንኑ ውሃ ፓምፑ ውስጥ ያዞረዋል። የሚዞር ውሃ ይሞቃል፣ የሞቀ ውሃ ጎሚኒ ያቃጥላል። ልጆቹ ሂሳብ ሊቀበሉ፣ ቡና ሊጠጡ ሲሄዱ ማሽኑ እየተጉረመረመ ይቆያል። ከሁለት ሦስት ደቂቃ በላይ የማትረጩ ከሆነ አጥፉት።

የአንሎደሩን ብሎን "ግፊት እንዲጨምር" የምታጠብቁ ሰዎች፣ እባካችሁ። ፋብሪካው ከወሰነው በላይ ስታጠብቁት ውሃው መመለሻ ያጣል። ያኔ ወይ ቱቦው ይሄዳል ወይ የፓምፑ ራስ ይሰነጠቃል። ፊት ለፊቱ የቆመው ደግሞ እናንተ አይደላችሁም፤ የቀጠራችሁት ልጅ ነው።

ምልክት፦ ዘይቱ ወተት መስሏል

የውሃ ጎሚኒው አልቆ ውሃ ዘይቱ ውስጥ ገብቷል። ጎሚኒውን ቀይሩ፣ ዘይቱን አፍስሱ፣ አዲስ ሙሉ። ዘይት ብቻ ቀይሮ መሸሽ አይሠራም፣ በሳምንቱ ያው ወተት ነው። በጤናው ጊዜ በአብዛኞቹ ፓምፖች የመጀመሪያው ዘይት በ50 ሰዓት፣ ከዚያ በየ500 ሰዓቱ ይቀየራል። ጥምቀት ሰሞን ሌት ተቀን የሚሠራ ላቫጆ ይህን ሰዓት ከሚያስበው በፊት ይደርስበታል። ርካሹ ጎሚኒ አንድ ክረምት አይሻገርም።

በረኪና በማሽኑ ውስጥ አታሳልፉ። ያልሟሟ ዱቄት ሳሙናም እንዲሁ። ናፍጣ መርጨትማ ጎሚኒውን ከማበላሸቱ በላይ እሳት ነው።

ምልክት፦ ዲናሞው ያጉረመርማል፣ አይነሳም

ዲናሞውን የሚያስነሳው ኮንደንሰር ሄዷል፣ ወይ ኃይሉ ወርዷል፣ ወይ በባለ 380 ቮልቱ አንዱ ፌዝ ጠፍቷል። ወዲያው አጥፉ፤ በሁለት ፌዝ እየታገለ የቆየ ዲናሞ ይቃጠላል። ቀጭን ኤክስቴንሽን ረጅም ርቀት ከጎተታችሁ ጥፋተኛው እሱ ነው።

"ትንሽ ይነዝራል እንጂ ይሠራል" የሚለውን ብዙ ላቫጆ ሰምቻለሁ። እርጥብ ወለል ላይ፣ በነጠላ ጫማ። የሚነዝር ማሽን አይሠራም። ከሶኬት ይነቀል። ኧርዙ ይታይ፣ 30 ሚሊ አምፔር የሚቆርጥ የመሬት ፍሳሽ ብሬከር ይግባለት። በዚህ ላይ ድርድር የለም።

በቤንዚን የሚሠራው ማሽን ከፍታችን ላይ ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ገደማ ያጣል፣ አትገረሙ። በተዘጋ ክፍል ውስጥ ግን እንዳታስነሱት፤ ጭሱ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሳይሸት ይገድላል።

ምልክት፦ የግፊቱ ቱቦ ያብጣል ወይም ያፈሳል

ይጣል። በካላማዳሪ ጠቅልለው፣ በላዩ ፋሼታ አስረው የሚያመጡልኝ አሉ። ካላማዳሪ 150 ባር አይይዝም። ፋሼታውም የሚፈናጠር ብረት ይሆናል። ሽቦው የታየ፣ ያበጠ፣ መኪና የረገጠው ቱቦ አይጠገንም።

የሚያፈስበትን ቦታ በእጅ አትፈልጉ። ካርቶን አስጠጉ። ካርቶኑን የሚቆርጥ ውሃ ቆዳን ይበሳል። ኖዝሉን በጣት መድፈንም ያው ነው። ጫማውን በሽጉጡ የሚያጥብ ሠራተኛ ካያችሁ ቀሙት።

የተወጋ ሰው ቁስሉ የመርፌ ጫፍ ታህላለች፣ መጀመሪያ ብዙም አያምም። "ምንም አልሆንኩም" ይላል። ውስጥ ግን ውሃው ከሳሙናና ከግሪስ ጋር በጅማቱ መንገድ ተጉዟል። ሰዓታት በገፉ ቁጥር ጣት የማጣት አደጋው ይጨምራል፣ ቀለምና ዘይት ከሆነ ደግሞ ይብሳል። በፕላስተር አትሸፍኑት፣ እስከ ነገ አታሳድሩት። ወደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ውሰዱትና "በከፍተኛ ግፊት ተወግቶ ነው" በሉ። ምን እንደገባበት፣ የማሽኑ ግፊት ስንት እንደሆነ ንገሯቸው። ቁስሏ ትንሽ ስለሆነች በተራ ጠብቁ ከተባላችሁ ደግማችሁ ተናገሩ።

ለጥገና ስትመጡ ደግሞ ፓምፑን ብቻ ፈታችሁ አታምጡ። ሽጉጡን፣ የግፊቱን ቱቦ፣ የመሳቢያውን ቱቦ ከነፊልትሮውና ከነፋሼታው አምጡ። ብቻውን የመጣ ፓምፕ እኔ ሮቶ ላይ ሲሰካ ይሠራል፤ እናንተ ጋ ሲመለስ እንደገና ይንዘፈዘፋል፣ ስልኩም ለእኔ ይደወላል።