ሰንሰለት የሚበላው ከውስጥ ነው፦ የብስክሌት ሰንሰለት ሲጸዳና ዘይት ሲቀባ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

ባሕር ዳር ውስጥ ብስክሌት የመዝናኛ ዕቃ ብቻ አይደለም። ከተማዋ ሜዳ ስለሆነች ተማሪው ትምህርት ቤት፣ ሠራተኛው ቢሮ፣ አናጺው ሥራ ቦታው ይሄድበታል። ይህን ያህል እያገለገለን ሰንሰለቱን የምናስታውሰው ሲጮህ ብቻ ነው። ሲጮህም እጃችን የገባውን ዘይት ከላይ አፍስሰንበት መንገዳችንን እንቀጥላለን። ጩኸቱ ወዲያው ይጠፋል። በማግስቱ ግን ሰንሰለቱ ይጠቁራል፣ የሱሪያችን ጫፍ ይቆሽሻል፤ ከወራት በኋላ ደግሞ ወደ ቤዛዊት ዳገት ስንወጣ ፔዳሉን ጠበቅ አድርገን በረገጥን ቁጥር ሰንሰለቱ ጥርስ እየዘለለ ያስደነግጠናል።

እኔም ለዓመታት እንዲህ ሳደርግ ኖሬአለሁ። ዓይኔን የገለጡልኝ አንድ በዕድሜ የገፉ ብስክሌት ጠጋኝ ናቸው። ዘይት ጠግቦ የሚያብረቀርቀውን ሰንሰለቴን ፈትተው ወደ ጆሮዬ አስጠጉና «ልጄ፣ እስቲ ስማው» ብለው ወደ ጎን አጠፍ ዘርጋ አደረጉት። ድንጋይ የቀረበት ቆሎ ሲታኘክ የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ነበር። ከዚያ አዲስ ሰንሰለት አንሥተው እንደዚያው አደረጉት፤ ምንም አልተሰማም።

በቆሻሻ ላይ ዘይት መጨመር

ከስህተቶች ሁሉ የከፋው ይህ ነው፤ ሌሎቹም አብዛኛዎቹ ከዚሁ ይወለዳሉ። ምክንያቱን ለመረዳት ሰንሰለቱ እንዴት እንደተሠራ ማየት ያስፈልጋል። ዛሬ የምንጠቀምበት ሰንሰለት መሠረቱ ሃንስ ሬኖልድ የተባለ ትውልዱ ስዊዘርላንዳዊ የሆነ መሐንዲስ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1880 እንግሊዝ አገር፣ ማንችስተር ውስጥ ያስመዘገበው ንድፍ ነው። ጎንና ጎን ያሉትን ትንንሽ ላሜራዎች ፒን ያያይዛቸዋል፤ በመካከላቸው ደግሞ የጥርሱ ጉድጓድ ላይ የሚያርፍ ተሽከርካሪ ቀለበት አለ። አንድ ሙሉ ሰንሰለት ከ100 በላይ እንዲህ ያሉ መገጣጠሚያዎች አሉት፤ እያንዳንዳቸውም ጥርስ ላይ ሲገቡና ሲወጡ ይታጠፋሉ። መፋተጉ ያለው እዚያ ነው፤ በፒኑና ከቀለበቱ ሥር ፒኑን ባቀፈው ብረት መካከል ባለው፣ ዓይናችን በማያየው ጠባብ ክፍተት።

ዘይት የሚያስፈልገው ለዚያ ክፍተት ብቻ ነው። ከውጭ ያለው ላሜራ ከዝገት የሚጠብቀው ስስ ሽፋን ከማግኘቱ በቀር ዘይት አይፈልግም። አቧራ በተለጠፈበት ሰንሰለት ላይ ዘይት ሲፈስ ዘይቱ አቧራውን ተሸክሞ ወደ ውስጥ ይገባል። ዘይትና ደቃቅ አሸዋ ሲቀላቀሉ ደግሞ ብረት መሞረጃ ሊጥ ይሆናሉ። ጩኸቱ ስለጠፋ ሰንሰለቱ የዳነ ይመስለናል እንጂ ከውስጥ ፒኑ እየተሞረደ ነው። ስለዚህ ዘይት ከማንሣትዎ በፊት ቢያንስ ሰንሰለቱን በደረቅ ጨርቅ ጨብጠው ፔዳሉን ወደ ኋላ እያዞሩ ጨርቁ ጥቁር መሆኑን እስኪቀንስ ድረስ ይጥረጉት። አሮጌ የጥጥ ካናቴራ ለዚህ ሥራ የሚስተካከለው የለም። ከአቧራ መንገድ በተመለሱ ቁጥር ይህንን ብቻ ቢያደርጉ እንኳ የሰንሰለቱን ዕድሜ ያረዝሙታል።

በቤንዚን ማጠብ

ጠለቅ ያለ እጥበት ሲያስፈልግ ብዙ ሰው ቤንዚን ያነሣል። ቆሻሻውን ይፈታል፣ እውነት ነው፤ ነገር ግን እንፋሎቱ በቀላሉ በእሳት ይያያዛል፣ ወደ ሳንባም ይገባል። ከሰል በሚቀጣጠልበት ግቢ ውስጥ ብስክሌት በቤንዚን ሲታጠብ ባየሁ ቁጥር ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። ላምባ ሥራውን በሚገባ ይሠራል፤ እሱም ቢሆን የሚነድ ነገር ነውና ከእሳት ርቆ፣ ነፋስ በሚያገኝ ቦታ፣ በጓንት ይሁን።

ሰንሰለትዎ ያለ መሣሪያ የሚከፈት ማያያዣ ካለው ፈትተው ሰፊ አፍ ባለው የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ይክተቱት፣ እስኪሸፍነው ላምባ ይጨምሩ፣ ክዳኑን ገጥመው ለጥቂት ደቂቃ ይናጡት። ፈሳሹ ሲጠቁር በሌላ ይለውጡና ይድገሙት። የጠቆረውን ወደ ቦይ አይድፉት፤ ለአንድ ቀን ቢያስቀምጡት ዝቃጩ ከታች ይቀርና ከላይ ያለው ለሚቀጥለው እጥበት ያገለግላል። ማያያዣ የሌለውን ሰንሰለት ግን ፒኑን በሚስማርና በመዶሻ እያስወጡ አይፍቱት፤ ተመልሶ የገባ ፒን የሚከዳው ጉልበት በበዛበት ሰዓት ነው። እንደተገጠመ በላምባ በተነከረ ያገለገለ የጥርስ ብሩሽ ፈትጉት።

ከእጥበቱ በኋላ የሚሠራው ስህተት መቸኮል ነው። ውስጥ የቀረ ላምባ አዲሱን ዘይት ያቀጥነዋል፤ ሰንሰለቱ ተጠርጎ፣ ነፋስ ላይ ተሰቅሎ በደንብ ይድረቅ። አዲስ የተገዛ ሰንሰለትን ደግሞ ጨርሶ አያጥቡት። ፋብሪካው የሞላው ቅባት እኛ በጠብታ ከምናስገባው የተሻለ ወደ ውስጥ የዘለቀ ነው፤ ከውጭ ብቻ መጥረግ ይበቃል።

ላቫጆ መውሰድ

መኪና የሚታጠብበት ኃይለኛ ውኃ ጭቃውን በአንድ ደቂቃ ያስወግዳል። ነገር ግን ውኃው ፔዳሉ በሚዞርበት እምብርትና በጎማው መሐል ወዳሉት ኩሽኔታዎች ዘልቆ ግራሶውን ያጥበዋል፤ ውስጥ የቀረው ውኃም ያዝጋል። ጉዳቱ በዕለቱ አይታይም፤ ከሳምንታት በኋላ ጎማው መንገጫገጭ ሲጀምር ግን ማንም ላቫጆውን አያስታውስም። ባልዲ ውኃ፣ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙናና ብሩሽ በቂ ናቸው።

ያልሆነ ዘይት

ከጋራዥ በነጻ የሚገኘው የተቃጠለ የሞተር ዘይት በብዙ ሰፈር የብስክሌት ዘይት ሆኗል። ጥቁር ያደረገው ከሞተር ያመጣው ጥላሸት ነው፤ የብረት ብናኝም አለበት። አቧራውን በመከራ ካስወጣን በኋላ ይህንን ማስገባት ምን ይባላል? ቆዳንም ይጎዳል። የምግብ ዘይት በበኩሉ ሲውል ሲያድር እንደ ሙጫ ይጣበቃል። ግራሶ ለኩሽኔታ እንጂ ለሰንሰለት አይሆንም፤ ወፍራም ስለሆነ ወደ ጠባቡ ክፍተት ሳይገባ ከውጭ ተለጥፎ አቧራ ይሰበስባል።

ደብሊው ዲ 40 በሚል ስም የሚታወቀውን የሚረጭ ፈሳሽ በተመለከተም ብዙ መደናገር አለ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1953 አሜሪካ ውስጥ ሲሠራ ዓላማው ውኃን ከብረት ላይ ማባረርና ዝገትን መከላከል ነበር፤ ስሙም ውኃ የማባረር 40ኛ ሙከራ ማለት ነው። የተለመደው ዓይነት ቆሻሻ ለማላቀቅ ይረዳል፤ የሚተወው የዘይት ሽፋን ግን ስስ ነውና ለሰንሰለት ብዙ አይቆይም። ነባሩንም ቅባት ያሟሟዋል። ረጭተውበት ከሆነ ጠርገው፣ አድርቀው እውነተኛ ዘይት ይቀቡ።

ለብስክሌት ሰንሰለት ተብሎ የተዘጋጀ ዘይት ካገኙ እሱን ይግዙ። ካላገኙ አዲስ፣ ያልነደደ የሞተር ዘይት ያገለግላል፤ አቧራ የመያዝ ጠባይ ስላለው ትርፉን አጥብቆ መጥረግ ያስፈልጋል። የልብስ ስፌት ማሽን ዘይት ቀጭን ነው፤ በበጋ አቧራ ጥሩ ነው፣ በክረምት ግን የመጀመሪያው ዝናብ ያጥበዋል። ከሰኔ እስከ መስከረም ወፈር ያለ ዘይት፣ በደረቁ ወራት ቀጠን ያለ ዘይት ቢጠቀሙ ሰንሰለቱ ሁለቱንም ወቅት ይችለዋል።

ማፍሰስና አለመጥረግ

አንድ መገጣጠሚያ የሚፈልገው አንድ ጠብታ ነው። መርፌው የወጣለት ሲሪንጅ ጠብታ ለመቁጠር ይመቻል። ከታች በኩል ባለው የሰንሰለቱ መስመር፣ ወደ ጥርስ በሚዞረው የውስጥ ገጽ ላይ፣ በእያንዳንዱ ቀለበት አንድ ጠብታ ያኑሩ። አንድ ዙር ሲያልቅ ፔዳሉን ለአንድ ደቂቃ ያህል ወደ ኋላ ያዙሩና ይተዉት። ዘይት ወደ ውስጥ ለመስረግ ጊዜ ይፈልጋል፤ እኔ ማታ ቀብቼ ጠዋት ነው የምነዳው። ከመንዳትዎ በፊት ከውጭ ያለውን ሁሉ በንጹሕ ጨርቅ ይጥረጉ። ይህን ስል ብዙዎች «ታዲያ የቀባሁትን ልጠርገው?» ይሉኛል። አዎን፣ ይጥረጉት፤ የሚፈለገው ዘይት ገብቷል፣ ውጭ የቀረው አቧራ ከመጥራት ሌላ ሥራ የለውም።

የሚረጭ ዘይት የሚጠቀሙ ከሆነ ደግሞ ፍሬኑን ይጠብቁ። ቸርኬው ወይም የፍሬኑ ዲስክ ላይ ያረፈ ጥቂት ዘይት ፍሬኑ እንዳይዝ ያደርገዋል፤ ይህ ደግሞ የሚታወቀው ቁልቁለት ላይ ነው። በጨርቅ ይከልሉት።

ጥርሶቹን መርሳት

ንጹሕ ሰንሰለት በቆሸሸ ጥርስ ላይ ቢገጥሙ በአንድ ቀን ይቆሽሻል። በኋላ ማርሾቹ መካከል የተጋገረውን ጥቁር ቅባት በቀጭን እንጨት ፍቀው፣ የጨርቅ ጠርዝ በመካከላቸው እየሳቡ ያውጡት። ማርሽ መቀየሪያው ላይ ያሉትን ሁለት ትንንሽ ጥርሶችም አይዝለሏቸው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አጥብቄ እለምናለሁ። ሰንሰለቱን ሲጠርጉ ጨርቁ ከጥርሶቹ ራቅ ይበል፤ ፔዳሉንም ጨርቁን የያዘው ሰው ራሱ እንጂ ሌላ ሰው አያዙረው። ብስክሌት ሲጸዳ ሕፃናት ማገዝ ይወዳሉና ጣታቸው ሰንሰለቱና ጥርሱ ከሚገናኙበት ቦታ እንዳይደርስ ይጠብቋቸው።

ያለቀውን ሰንሰለት ማጠብ

«ሰንሰለቱ ተለጠጠ» ሲባል ላሜራው ረዘመ ማለት አይደለም። ፒኑና ፒኑን ያቀፈው ብረት ተፋትገው በየመገጣጠሚያው ትንሽ ክፍተት ተፈጥሯል፤ ሲደመር ሰንሰለቱ ይረዝማል። ለመለካት ሰንሰለቱን ወጠር አድርገው የብረት ማስመሪያ ወይም ሜትር ይያዙ። ከአንድ ፒን መሐል ተነሥተው የሚቀጥሉትን 24 ፒኖች ይቁጠሩ፤ እስከ 24ኛው ፒን መሐል ያለው ርቀት አዲስ ሰንሰለት ላይ 12 ኢንች፣ ማለትም 304.8 ሚሊ ሜትር ነው። ከኋላ 11 ወይም 12 ማርሽ ያለው ብስክሌት ከሆነ ወደ 306.3 ሲደርስ፣ ማርሹ ከዚያ ያነሰ ከሆነ ወደ 307 ሲደርስ ሰንሰለቱን ይለውጡ። 308 ካለፈ ጥርሶቹም አብረው ሳይበሉ አልቀሩም፤ አዲስ ሰንሰለት ብቻ ቢገጥሙ በተበላው ጥርስ ላይ ይዘላል፣ ሁለቱንም መግዛት ግድ ይሆናል። እኔ በየሁለት ወሩ እለካለሁ፤ ክረምቱ ሲያበቃ ግን ወሩን ሳልጠብቅ መጀመሪያ የማወጣው ማስመሪያዬን ነው።